የሲስተር አልጋነሽ ቁልፎች

ሲስተር አልጋነሽ የተቀበረች ዕለት፣ መቀሌ አጠገብ ቁሓ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሳቅ አመለጠኝ። ይቅር ይበለኝ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሕይወት ታሪኳን ሲያዳምጥ እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ በመሐረብ አፌን ይዤ ሳል አስመሰልኩት። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ "አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል" ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የአንባቢው ነው። ታሪኩን የሚያነበው ተክላይ ነበር። ተክላይ የቤት ደላላ ነው፤ መቀሌ ውስጥ ድምፁን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው መሆን አለበት። ያለ ማጉያ፣ በትግርኛ፣ "ሲስተር አልጋነሽ ትሑት፣ ረጋ ያለች፣ በሽተኛ ላይ እጇን አንስታ የማታውቅ ነበረች" ብሎ አነበበ። በሽተኛ ላይ! ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ቢያንስ አምስት በሽተኛ ላይ ቁልፍ ስትወረውር ያየሁ ሰው ምን ልሁን? ከተወረወረባቸው አንዱ ደግሞ ይኸው አንባቢው ራሱ ነው።

እንግዲህ ከሕይወት ታሪኳ የተሰረዘውን እኔ ልናገር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰይድ እባላለሁ። ወደ መቀሌ የመጣሁት ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻል አንድ ሆስፒታል ተቀጥሬ ነው። ሥራዬ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ቅጽ መሙላት ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሥራ፤ ከዚያ ወረድ ብሎ "የሚጠቀምበት እጅ፦ ቀኝ / ግራ" የሚል መስመር አለ። በመጀመሪያው ወር "ግራ" ያለ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሻዬን አስቀርቤ ሃምሳ ቅጽ ላይ "ቀኝ" የምትለዋን አስቀድሜ አክብቤ መጠበቅ ጀመርኩ። ይህን ቅልጥፍና እለው ነበር፤ እንደውም ሽልማት እጠብቅ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልጋነሽ አንድ ጠዋት የቅጾቹን ክምር አነሳች። አጭር ሴት ናት፤ ወፍራም መነጽር፣ ሁልጊዜ የተወለወለ ነጭ ጫማ፣ አንገቷ ላይ በቀይ ክር የታሰረ የቁልፍ ጥቅል። ማንንም ስለማታምን የክፍሉ ቁምሳጥን ሁሉ ቁልፍ እሷ ጋ ነው።

"ኣንታ ወሎዬው፣ እነዚህ ሰዎች ገና ሳይመጡ እጃቸውን በምን አወቅከው?"

"ሲስተር፣ ሁሉም ቀኝ ነው የሚሉት።"

"የሚሉትን መቼ ጠየቅኩህ?" ክምሩን እንዳለ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። "ቅጹ አይታመምም እኮ። የሚታመመው ሰውየው ነው።" ይህን አባባሏን ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሰማሁት ልነግራችሁ አልችልም፤ አንዳንዴ በሕልሜ ትለኛለች።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ትንሽ ካላወራሁ ነገሩ አይገባም። ጤነኛ ጭንቅላት ውስጥ ከልብ ተገፍቶ የመጣ ደም በቀጫጭን ሥሮች ተበትኖ፣ ኃይሉ በርዶ ነው ወደ መላሹ ሥር የሚገባው። አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠር ጀምሮ ቀጫጭኖቹ የሉትም፤ ወሳጁና መላሹ ሥር በቀጥታ ተጠላልፈው እንደ ተወሳሰበ ልቃቂት ይሆናሉ። ትብትቡ አንዳንዱን ሰው መንገድ ላይ ይጥለዋል። አንዳንዱ ጋ ይፈነዳና ደም ይፈስሳል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ እስከ እርጅና ዝም ይላል። ቀዶ ማውጣት ይቻላል፤ ጭንቀቱ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ላይ ነው።

ሐኪማችን ዶክተር ሀብቶም ወጣት ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር። አደጋውን ለመገመት ሦስት ነገር ይደምራል፦ ትብትቡ ምን ያህል ይተልቃል፣ ደሙ የሚመለሰው በላይ በኩል ነው ወይስ በጥልቁ፣ የተቀመጠውስ ንግግርን ወይም እጅና እግርን የሚያዝ ቦታ ላይ ነው ወይ። ድምሩ አንድ ከሆነ ቀላል፣ አምስት ከሆነ ከባድ ነው። "አንድ ሲሆን እንገባለን፣ አምስት ሲሆን እንጸልያለን" ይል ነበር።

ከሦስቱ ሁለቱን የጭንቅላቱ ፎቶ ራሱ ይነግረዋል። ሦስተኛው ላይ ግን ፎቶው ብቻውን አይበቃም። የአብዛኛው ሰው ንግግር በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ከግራኞች መካከል ግን በቀኝ በኩል የሚሆንባቸው አሉ። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለን ትብትብ "ንግግር አይነካም" ለማለት፣ ሰውየው በየትኛው እጁ እንደሚጠቀም ማወቅ የግድ ነው። ያ ሁሉ ፎቶ፣ ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ድምር ዞሮ ዞሮ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ያከበብኳት ቃል ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ደግሞስ በእኛ አገር ግራኝ ነኝ የሚል ማን አለ? በግራው የጎረሰ ልጅ ይመታል፤ በግራው ዕቃ ያቀበለ "ሰው ናቀ" ይባላል። እኛም ሙስሊሞቹ ቤት ያው ነው፤ እንደውም ይብሳል። ልጁ ሲያድግ ራሱም ይረሳዋል። "በየትኛው እጅህ ነው የምትጠቀመው?" ብለህ ብትጠይቀው "በቀኜ ነዋ!" ብሎ ጭራሽ ይቆጣሃል።

ለዚህ የሲስተር መድኃኒት መወርወር ነበር። "ስትጠይቀው ያስባል፤ ስትወረውርለት ግን ለማሰብ ጊዜ የለውም" ትላለች። መጀመሪያ በብርቱካን ነበር አሉ የጀመረችው፤ የቀለቡት በሽተኞች "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው እየላጡ ሲበሉባት ተወችው። ከዚያ ወደ ቁልፍ ዞረች። በሽተኛው ገና በሩን ሲገባ "እንካ!" ትልና ጥቅሉ በአየር ላይ ነው። አንድ ጊዜ አይበቃትም፤ ሳይዘጋጅ ሦስት ጊዜ ትወረውርለታለች፣ ክብሪት እንዲጭር ታደርገዋለች፣ የተዘጋ ጠርሙስ ታስከፍተዋለች። በቀኛቸው የጻፉ፣ በቀኛቸው ያማተቡ ሰዎች በግራቸው ሲቀልቡ አይቻለሁ።

በወር አንዴ የአስተያየት ሳጥኑ ሲከፈት ግማሹ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ግማሹ ስለ ሲስተር ነበር። "አንዲት ነርስ በብረት ፈነከተችኝ" ያለም አለ፤ ውሸቱን ነው፣ ግንባሩን ብቻ ነው የነካችው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጠራት። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ።

"ሲስተር፣ ለምን በጨዋ ደንብ አትጠይቂያቸውም?" አሉ ሰብሳቢው።

"ጠይቀን አይደል ወይ ሁሉም ቀኝ የሆኑት?"

ኮሚቴው ተመካክሮ "ወደ ተገልጋይ ዕቃ ከመወርወር እንድትቆጠብ" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስታወት ሥር አስቀመጠችና በማግሥቱ መወርወሯን ቀጠለች።

አሁን ወደ ተክላይ እንምጣ።

ተክላይ ወደ ክፍላችን የመጣው ከእናቱ ከኣደይ ሐዳስ ጋር ነው። ያኔ ሠላሳ አምስት ቢሞላው ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ወድቆ ነበር። ሲስተር ፈቃድ ላይ ነበረች፤ እሷ ስትሄድ ደግሞ የእኔ ቅልጥፍና ይመለሳል። ፎቶው በቀኝ በኩል ትንሽ ትብትብ አሳየ፤ ከላይ፣ ደሙም በላይ በኩል የሚመለስ። ዶክተር ሀብቶም ደመረና "አንድ!" አለ፤ ፊቱ በራ። በዚያ ሰሞን ከውጭ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ሊመጡልን ነበር። ከእነሱ ጋር የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ለአምስት ሰው ብቻ ነውና ተክላይ አንደኛ ሆኖ ተጻፈ። ቅጹ ላይ "ቀኝ" ተከብቧል። ማን እንዳከበበው አትጠይቁኝ።

"ዶክተር፣" አለ ተክላይ፣ "ከፈለግክ እግሬን ውሰደው። አፌን ብቻ እንዳትነካብኝ። እኔ ካለ አፌ ምንም የለኝም።"

"አፍህ ያለው በግራ በኩል ነው፤ እኛ የምንገባው በቀኝ" አለና ሳቀ ዶክተሩ።

ሲስተር ከፈቃድ የተመለሰችው እንግዶቹ በሚገቡበት ዋዜማ ነው። ተክላይ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ተራ ለሚጠብቁ በሽተኞች ቤት ያከራያል። ስሙን ጠራች፤ ቀና ሲል ቁልፉ መጣበት። ግራ እጁ ተወንጭፎ ቀለበው። ወዲያው ደግሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ቀኙ አዛወረው። ያቺን ማዛወር ነው ሲስተር የምትፈልጋት። ተቀብላ እንደገና ወረወረች፤ ግራ። ሦስተኛ፤ ግራ።

"ግራኝ ነህ" አለችው።

ኣደይ ሐዳስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "እዋይ! ልጄን ነው ግራኝ የምትይው? በሰው ፊት? እኔ ቀጥቼ ያሳደግኩትን ልጅ!"

"ሲስተር፣ በቀኜ ነው የምበላው፣ በቀኜ ነው የምጽፈው!" አለ ተክላይ። "ስም አታጥፊ!" መተላለፊያው በሙሉ ተንጫጫ።

ዶክተር ሀብቶም ጫጫታውን ሰምቶ ወጣና ወደ ክፍላችን አስገብቶን በሩን ዘጋ። "ሲስተር፣ ነገ ሰዎቹ ይገባሉ። ለአንድ ቁልፍ ብዬ በሽተኛ ከዝርዝር አላወጣም።"

"ቁልፉን ተወው፣ ሓወይ። ከሰመመን ሲነቃ ስሙን ብትጠይቀውና ዝም ቢልህ ምን ትለዋለህ? ቅጹ ቀኝ ይላል ትለዋለህ?"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ኮርኒሱን እያየሁ ነበር።

"ማስረጃ አምጪልኝ" አላት። "ከራሱ አፍ።"

ተክላይን ብቻውን አስጠራችው። ኣደይ ሐዳስ አብረው ሊገቡ ሲሉ "ኣደይ፣ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩልኝ" አለቻቸው። እኔ ቀረሁ፤ ቅጽ ሞይ ክፍል ውስጥ መኖሩን ማንም አያስታውስም። ተክላይ ክንዱን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ለጠብ የተዘጋጀ ሰው አቀማመጥ።

ሲስተር ምንም አልጠየቀችውም። እስክሪብቶዬን አነሳች፣ አንድ ባዶ ወረቀት ሳበች፣ በግራ እጇ "ተክላይ" ብላ ጻፈች። እንዴት ያለ ጽሕፈት! ድርሳን ላይ ያለ ይመስላል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ በቀኟ ስትጽፍ ነው የማውቃት፤ ጽሕፈቷ ደግሞ ዶሮ የጫረው ነበር፤ የማነብላት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኩራራ ነበር።

"እኔን አባቴ ናቸው ይቺን እጄን ያሰሩኝ" አለችው። "በመቀነት። አንተንስ?"

ተክላይ ክንዱን ፈትቶ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

"በክር" አለ። "እናቴ። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ።"

"ሲጥልህስ? መጀመሪያ ምን ይሆናል?"

"አፌ ነው የሚያዘው። ቃሉ አለ፣ አልወጣ ይለኛል። ከዚያ እወድቃለሁ።"

"ታዲያ ይህን ለምን ለዶክተሩ አልነገርከውም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለ ተክላይ።

ሲስተር ወደ እኔ አልዞረችም። ብትዞርና ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሰውየው ምላስ ሊቆረጥ አንድ ቀን ነበር የቀረው፤ ቢላዋውን ደግሞ ሻይ እየጠጣሁ የሳልኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሽበታሙ እንግዳ ሐኪም ነገሩን ሰማና ፎቶውን እንደገና አየ። ንግግሩ የት እንዳለ ሳይጣራ አልነካውም አለ። "አንድ" የነበረው ድምር "ምናልባት ሁለት" ሆነ፤ የተክላይም ስም ተሰረዘ። ሰውየው "በምን ምርመራ ነው ያወቃችሁት?" ብሎ ሲጠይቅ ዶክተር ሀብቶም ላብ አጠመቀው፤ "የቁልፍ ምርመራ" አለ ቀስ ብሎ። ሽማግሌው ደስ ብሎት ለእኔም ይወርወርልኝ አለ። ሲስተር ወረወረችለት፤ በሁለቱም እጁ ሳተው።

ተክላይ አመሰገናት? የለም! "ቀላሏን ቀዶ ሕክምና አስመለጠችኝ" እያለ ከተማውን አዳረሰ። ኣደይ ሐዳስም የልጃቸውን ስም ከዝርዝር ያሰረዘው ምን እንደሆነ ከዶክተሩ ሰሙና ሲስተርን ሰላም ማለት አቆሙ። ቅዳሴ ላይ እንኳን ቢገናኙ ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር።

ከወራት በኋላ የሐኪሞች ቦርድ ወደ ሕንድ ላከው። እዚያ በደም ሥሩ በኩል የቀኝ አንጎሉን ለጥቂት ደቂቃ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሰጥተው "ቁጠር" አሉት። አምስት ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ተክላይ፣ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ! "ሰይድ፣" አለኝ በኋላ ሲነግረኝ፣ "ሁሉም ነገር ይታየኛል፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ቃል ግን የለም። ባዶ ቤት። ትንሽ ደቂቃ ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን መሰለኝ።" ቢላዋ አላስነኩትም። በጨረር አከሙትና ትብትቡ ቀስ በቀስ እስኪደርቅ እየተመላለስክ ተመርመር ብለው መለሱት።

ከሕንድ የተመለሰ ሳምንት በቀጥታ ወደ ክፍላችን መጣ። አበባ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰደባት። ግራኝ አስባልሽኝ፣ እናቴን አሳፈርሽ፣ ደንበኞቼ በየትኛው እጅህ እንጨብጥህ እያሉ ይስቁብኛል፤ ያልቀረ ነገር የለም። ሲስተር መነጽሯን በእጅ አንጓዋ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

"ጨረስክ? ጽቡቕ። አፍህ ደህና ነው። ቀጣይ!"

ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ቀጠሮ ነበረው፤ በየስድስት ወሩም ሰደባት። እሷም ካርዱ ላይ "ንግግር፦ ሙሉ" ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት አጠር አድርጎ ሲሰድባት ደንግጣ ፎቶ አዘዘችለት። የመጨረሻው ፎቶ ትብትቡ መድረቁን ሲያሳይ፣ ተክላይ መሳደቡን ትቶ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። እሷ ወደ በሩ ገፋችው፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። እያለቀሰች ነበር፤ እኔ አይቻታለሁ።

ሆስፒታሉም ሥራዋን አከበረላት፤ በራሱ መንገድ። ቅጹ ሲታተም አዲስ መስመር ተጨመረበት፦ "የቁልፍ ምርመራ ተደርጓል? አዎ / አልተደረገም"። ማስጠንቀቂያው ግን ከግል ማኅደሯ አልወጣም።

ጡረታ ስትወጣ የቁልፉን ጥቅል ከነቀይ ክሩ ለእኔ ሰጠችኝ። ቁምሳጥኖቹ ከተቀየሩ ቆይተዋል፤ ቁልፎቹ የሚከፍቱት ነገር አልነበረም። "ወደይ፣ ልጄ፣ ወርውራቸው እንጂ ቅጹን ዝም ብለህ እንዳትሞላ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ለጥቂት ወር ወረወርኩ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ አንድ ሰውዬም ጮኸብኝ፤ ቁልፎቹ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። መሞቷ የተነገረኝ ጠዋት ሻዬ ቀርቦ ነበር። ፊቴ ሃምሳ ቅጽ ተከምሯል፤ ሃምሳዎቹም ላይ "አዎ" ተከብቧል። ማን እንዳከበበው አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። አፈርኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ቁልፎቹን ኪሴ ከተትኩና ወደ ቁሓ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከቀብሩ መልስ ድንኳን ውስጥ ተክላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሳቅክ አይደል?" አለኝ በሹክሹክታ። የእሱ ሹክሹክታ ሦስት ወንበር ድረስ ይሰማል።

"ሳልኩ እንጂ።"

"ወላሂ በል።"

መሐረቤን አውጥቼ አፌን ጠረግኩ።

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አለ። "ስለ ቁልፉ ጽፌ ነበር። ቤተሰቦቿ ነውር ነው ብለው ሰረዙት። ስለ እጇማ እነሱም አያውቁም።" ዓይኑ ቀልቷል። "ያነበብኩበት አፍ የማን ይመስልሃል? የእሷ ነው እኮ። በእሷው አፍ ውሸት አነበብኩባት።"

ተነሥቼ ጥቂት እርምጃ ራቅ አልኩና እጄን ኪሴ ከተትኩ።

"ተክላይ! እንካ!"

ቁልፎቹ ድንኳኑን አቋርጠው ሄዱ። ግራ እጁ ተወንጭፎ ቀለባቸው። ሰው ሁሉ ዞረ። ፊት ለፊት፣ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጡት ኣደይ ሐዳስም ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ያቺን ማዛወር ጠበቅኩ፤ ቀኝ እጁም ከጉልበቱ ላይ ተነሣ። ግን መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ብድግ አለ። ግራ እጁን ከነቀይ ክሩ ከፍ አድርጎ፣ እናቱን እያየ፣ ያለ ማጉያ፣ ውጭ ያሉት እንኳን በሚሰሙት ድምፅ ተናገረ፦

"እነዚህን ወርውራብኝ ነበር። በዚህኛው እጄ ነው የቀለብኳቸው። ይህንንም ጻፉላት።"